ለሽልማት የተቆረጠች ቅርንጫፍ

ይድረስ ለወንድሜ ለዐብዱልጀባር ሀምዱ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትክ ወንድምዬ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ኢክላስስ እንዴት ናት? ልጅቷ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና በድዷ ነው የምትስቀው? ሙቀቱ ሳያንገላታችሁ፣ ሥራው ሳይከብዳችሁ፣ ረመዳንን በሰላም ያድርሳችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ በእግራችን ስለቆምን ነው እንጂ እኔስ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ክው እንዳልኩ አለሁ። በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ሞክሬ አባ ከአጠገቤ አልጠፋ አሉ። ለዑምራ የሚመጡ የሰፈራችን ሴት መኖራቸውን ስሰማ ወረቀት ገዛሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። «የቡና ጎረቤት» የሚባለውን የቴሌግራም ቡድናችንን ታውቀዋለህ። አንተም አባል ነህ፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳትጽፍ የምታነብ አባል። ስትደውልም ከእማ ጋር አውርተህ «ለአባ ሰላም በሉልኝ» ትልና ትዘጋለህ። ቡናውን ጥለህ ስትሄድ ከአባ ጋር የተነጋገራችሁትን ክፉ ቃል አልረሳሁትም፤ አሁን ግን ወደሱ አልገባም። ቡድኑን እኔና የግብርና ባለሙያዋ ሮዳስ፣ ሚዛን ከተማ ባለው ስልክ መጠገኛ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብለን ያቋቋምነው የሸኮና የሸዋ ቤንች ገበሬ ቡናው ሲታመምበት ፎቶ እንዲልክ፣ እሷም እንድትመክረው ነበር። ስድስት መቶ ሰው ገባ፤ ስድስት መቶውም እንዳንተ ዝም አለ።

ሽልማት እንስጥ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አልልም። መጀመሪያ በሳምንት ውስጥ ብዙ ለጻፈ የሞባይል ካርድ አልን። በማግስቱ አንድ ሰው ብቻውን ሰባ ጊዜ «እንዴት አደራችሁ» አለ! የጽጌረዳ ሥዕል ጎረፈ፤ ስለ ቡና ግን የሚተነፍስ ጠፋ። ካርዱን ትተን ለጎበዝ አባል ከስሙ አጠገብ ኮከብ አደረግን። ጋሽ ገሠሠ ታናሽ ወንድማቸው በአንድ ኮከብ ቢበልጧቸው ቡድኑን ጥለው ወጡ፤ በልቅሶ ቤት እንኳ ጎን ለጎን አልቀመጥም ብለው ነበር አሉ።

ከዚያ ሦስተኛውን አመጣሁ። ቡናን በቆመበት የሚያደርቀውን በሽታ በራሱ ማሳ ላይ አግኝቶ ቀድሞ ፎቶ ለላከ ሰው አዲስ የመግረዣ መጋዝ እንሰጣለን፤ ዓርብ ዓርብም ስሙን ከነአባቱ ጠርተን በድምፅ እናመሰግነዋለን አልኩ። ሮዳስ ተይ፣ ሰው በሽታ መመኘት ይጀምራል ብላኝ ነበር። ደግሞ ማን በሽታ ይመኛል ብዬ ሳቅኩባት። ቡድኑም እንደ ገበያ ቀን ደመቀ።

ሰኔ ላይ አባ ራሳቸው ላኩ፤ ያንን ጠግኜ በሰጠኋቸው ስልክ። ቢጫ ቅጠሉ ተንጠልጥሏል፣ ቅርፊቱ ተልጦ ውስጡ ጠቁሯል። በገዛ ድምፄ ስማቸውን ጠርቼ አመሰገንኩ። የታመመውን ዛፍ ነቅዬ አቃጥዬዋለሁ አሉኝ፤ አመንኩ። መጋዙን ከነላስቲኩ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። የምስጋናውን ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሰሙት ግን እማ ትንገርህ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ባለፈው ሐሙስ ወደ ሸኮ ሄድኩና ወደ ማሳው ብወጣ፣ አያታችን ከተከሉት ቡና አሥራ አንዱ ቆሞ ደርቋል። ቅጠሉ መሬት ላይ ነው። የአንዱን ቅርፊት በጥፍሬ ብልጠው ውስጡ ጥቁር ነው። እጄን በአፌ ጫንኩ። ሮዳስን ጠራኋትና መጣች፤ መጀመሪያ የታመመው የቱ ነበር ብላ አባን ስትጠይቃቸው አንገታቸውን ደፍተው እውነቱን አወጡ።

የታመመ ዛፍ አልነበረንም፣ ወንድምዬ! አባ ጎረቤታችን ጋሽ ጴጥሮስ ዘንድ ሄደው የታመመች ቅርንጫፍ ለምነው፣ በሳቸው ገጀራ ቆርጠው፣ አምጥተው ጤነኛው ቡናችን ላይ በሲባጎ አስረው ነው ፎቶ ያነሷት። ገጀራውም ስለቱ ስላማራቸው፣ ለባለቤቱ ከመመለሳቸው በፊት በእሳት እንኳ ሳያሳልፉት የኛን ቡና ትርፍ ቀንበጥ ሲመለምሉበት ዋሉ። በሽታውን ከዛፍ ወደ ዛፍ በእጃቸው ከተቡት። ሮዳስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባ ላይ ጮኽኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። መጋዝ ፈልገው ነው? እኔ አልገዛልዎትም ነበር? አልኳቸው።

መጋዙን ምን አደርገዋለሁ ልጄ፣ አሉኝ። ዐብዱልጀባር እዚያ ውስጥ አለ ብለሽኝ አልነበር? ስሜ ሲጠራ ይሰማል ብዬ ነው፤ ሰምቶ አንድ ነገር ይል ይሆናል ብዬ።



አሥራ አንዱን ዛፍ እዚያው በቆመበት ነቅለን አቃጠልን። ጋሽ ጴጥሮስ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው አገዙን፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር። የቀረው ይተርፍ አይተርፍ ሮዳስ አታውቅም፤ ክረምቱ ያሳየናል አለች። እሑድ ዕለት አባ ማንም ሳያዛቸው ያደረጉትን ሁሉ በገዛ ድምፃቸው ለቡድኑ ተናገሩ። ያን ቀን ካርድም ኮከብም ሳይኖር ሁለት መቶ ሰው ጻፈ። ከነዚያ ውስጥ ሰባቱ እኛም እንዲሁ አድርገናል አሉ። ሰባት ሰው! ከእንግዲህ እኔ ሽልማት የሚባል ነገር አልመርጥም፤ ለአባ የሚሆነውማ መጀመሪያውኑም በእጄ አልነበረም።

እማ ዓይንህን ትስማለች፤ ለልጅቷ የሠራችውን ኮፍያ ከዚህ ወረቀት ጋር ልካለች። ሮዳስ ሰላም ብላሃለች። ጋሽ ጴጥሮስ ገጀራዬን በማዋሴ እንዳይቀየመኝ በይው ብለውኛል። ኢክላስን እቀፍልኝ፣ ልጅቷን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። የአባን ሰላምታ ግን እኔ አልጽፍልህም። የእሑዱን ድምፅ ክፈተው፤ ረጅም ነውና ብዙ ሰው ሳይጨርሰው ይተወዋል። አንተ ግን እስከ መጨረሻው ስማው፤ እዚያ ስምህን ከነአባትህ ጠርተዋል።

እህትህ ሹክሪያ ሀምዱ
ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.