በሩን ማን ይጫወታል?

ሰኔ 14፣ ከሥራ መልስ

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚያስከፋ ነገር የለብኝም። የላክሽልኝ ሹራብ ልክክ ብሎኛል። ከዩኒፎርሜ ሥር ስለምለብሰው አለቃዬ እስካሁን አላየብኝም።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ስላቃተኝ ነው። በደወልሽ ቁጥር «አባዬ፣ ባንድ መሪው እንዴት ነው? አንድ ቀን የማታውን ሙዚቃ ቅዳልኝ» ትይኛለሽ። እኔም «ደህና ነው፤ ይሄ ስልኬ መቅዳት እምቢ ብሎኝ ነው» እያልኩ ሳታልልሽ ከረምኩ። ስልኩ ምንም አልሆነም። እምቢ ያለው አባትሽ ነው። ዛሬ ድምጹን ልኬልሻለሁ፤ ብቻውን ብትሰሚው ግን መጨረሻው ግር ይልሻል። እባክሽ መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

አንቺ ለሥራ ርቀሽ ከሄድሽ በኋላ የምጠብቀው የኮሌጁ በር ብዙም አልተለወጠም ነበር። እትዬ እስክሪብቶ እንደ ድሮው ፈተና የሚገባውን ሁሉ እያስቆመች «ይቺኛዋ መልሱን ራሷ ታውቀዋለች፣ አንተ ዝም ብለህ ያዛት» እያለች ትሸጥ ነበር። በቀደም አንዱ ወድቆ ሊመልስላት ቢመጣ «ጫን አድርገህ ይዘሃት ነው፣ አስጨነቅሃት» ብላ መለሰችው። ፊቱን አመድ ተቀብቶ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ልጅ፣ ሐውልቱም፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ ቢያርፍ ንቅንቅ አይልም ነበር። ባንድ መሪውም ያንን ካፖርቱን ለብሶ፣ የተሰበረውን የጃንጥላ ዘንግ ይዞ፣ ትምህርት ሲለቀቅ በሩ ፊት ይቆም ነበር። የሚወጣው ሰው ሁሉ መሣሪያው ነው። ወፍራሙ የሒሳብ መምህር ቦርሳውን ደብ ደብ ያደርጋል፣ አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዱ ቁልፍ ያንሿሿል። ያንቺ ድርሻ የእስክሪብቶ ክዳን መንፋት ነበር። የእኔ ደግሞ በሩ። የዚያ ብረት በር ማጠፊያ ሲጮህ ጥርስ ያፋጫል፤ መሪው ግን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ያንን ጩኸት ነበር። በመጨረሻ ዘንጉን ወደ እኔ ይዘረጋል፣ እኔ በሩን ቀስ አድርጌ እገፋዋለሁ፣ ሲጢጥ ይላል፣ ያኔ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። በሩ ካልጮኸ ሙዚቃው አላለቀም።

እናትሽንም ታስታውሻለሽ። ምሳ ዕቃዬን ልትወስድ በመጣች ጊዜ መሪው ዘንጉን ቢያዞርባት፣ «እኔ ምንም ድምጽ የለኝም፣ ተወኝ» ብትለው «እንግዲያው ዝምታው ያንቺ ነው» አላት። ከዚያ ወዲያ ዘንጉ ወደ እሷ ሲዞር ሁሉም ጸጥ ይላል፤ እሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ካረፈች በኋላም መሪው እሷ ትቆምበት ወደነበረው ጥግ ማመልከቱን አልተወም። አዲሶቹ ልጆች ነገሩ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ግን ዝም ይላሉ።

እንግዲህ፣ እንግዶች ሊጎበኙን ይመጣሉ ተባለ። የጥበቃ ኃላፊው ጠራኝና «በሩ አካባቢ ያሉትን ሰዎች አንሳልኝ» አለኝ። «በሩንም ግራሶ ቀባው፣ እንግዳ ፊት እየጮኸ አያዋርደን።»

ሐውልቱን ራሱ ኃላፊው ሊያስነሳው ሄደ። «ተነስ!» ቢለው ልጁ ዓይኑንም አላርገበገበም። እትዬ እስክሪብቶ «ጌታዬ፣ ሐውልት እኮ በክሬን ነው የሚነሳ» ስትለው ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ግን ልጁ ወደ ገበያው በኩል ሄደ፤ እሷም ዕቃዋን ሰብስባ መንገዱን ተሻገረች። ባንድ መሪውን ግን ኃላፊው «አንተን ነው የሚሰማው፤ እዚህ ካየሁት ግን የምጠይቀው አንተን ነው» ብሎ ለእኔ ተወው።

ልጄ፣ «ሂድ ተብለሃል» ማለት ምን ያቅታል? እኔ ግን እንዲህ አልኩት፦

«ጌታው፣ ልጆቹ ከእንግዲህ በጓሮ በር ነው የሚወጡት።»

«በጓሮ? ያ በር ይከፈታል እንዴ?»

«ይከፈታል።»

ትንሽ አሰበና «አንተስ?» አለኝ። «በሩን ማን ይጫወታል?»

«እኔም እመጣለሁ። ቀድመህ ጠብቀኝ።»

ካፖርቱን ቆልፎ፣ ዘንጉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። አንድም ነገር አልጠረጠረም።

የጓሮው በር ከተበየደ ቆይቷል። በዚያ በኩል ከቆሻሻ ገንዳው በቀር ምንም የለም። ሲያየው ይገባዋል፣ ሌላ ቦታ ፈልጎ ይሄዳል ብዬ ነበር። ያኔ ለእሱ ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር፤ ደጋግሜ ራሴን ስመረምረው ግን ያዘንኩት ለራሴ ነው። ሂድ ስለው ፊቱ ምን እንደሚሆን ማየት አልፈለግኩም።

እንግዶቹ በመኪና ገብተው በመኪና ወጡ። መስታወታቸውን እንኳ አላወረዱም።

ከጥቂት ቀን በኋላ እትዬ እስክሪብቶ መንገዱን ተሻግራ መጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ባንድ መሪህ አጥር ሥር ቆሞ ለግንብ ሙዚቃ ይመራልሃል። ና እንሂድ ስለው፣ ባለ በሩ ጠብቀኝ ብሎኛል አለኝ። ምን ብለኸው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንተን ብሎ ጸሎተኛ!» ብላኝ ተመለሰች።

እውነቷን ነው። ጸሎት ስጀምር ይቅር በለኝ የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰር ጀመር። ፈጣሪን ይቅርታ ለመጠየቅ እኮ ሩቅ መሄድ የለብኝም፤ ወደ ጓሮ ነበር መሄድ የነበረብኝ። ዛሬ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ኃላፊው ያየኛል እላለሁ፣ ነገ ይሻላል እላለሁ። በዚህ መሀል ዝናቡ ገባ። ዘበኛ ቤት ውስጥ ካንቺ ሹራብ ጋር ተቀምጬ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እሰማው ነበር።

ትናንት ማታ ትምህርት ሲለቀቅ በእናትሽ ጥግ ጥቂት ልጆች ቆመው ስልክ ላይ ይጯጯሃሉ፣ ይሳሳቃሉ። ተነሱ ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ልጆቹ ምን አጠፉ? ቦታው የማን እንደሆነ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ሸኝቼዋለሁ።

ዛሬ ባልደረባዬን በሩን አስያዝኩና ሄድኩ።

ትከሻው ላይ ላስቲክ ጣል አድርጎ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ከስቷል። ያስለዋል።

«ዘገየህ» አለኝ።

«ዋሽቼህ ነው» አልኩት። «ልጆቹ በዚህ አይወጡም። በሩም አይከፈትም።»

«እሱንማ አይቼዋለሁ፤ ተበይዷል እኮ። ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ምን አቆየህ?»

«እመጣለሁ ብለኸኛላ።»

መሬት መሬቱን እያየሁ ይቅር በለኝ አልኩት። «ባለ በሩ፣ ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፣ እንሂድ» አለኝ። ይቅር ማለቱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ደግሜ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ክንዱን ይዤ ሳመጣው እንደ ወፍ ቀሎኛል፣ ልጄ።

ትምህርት ሲለቀቅ በሩ ፊት ቆመ፤ እኔም ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ ደረት ኪሴ ከተትኩት። እትዬ እስክሪብቶ ስታየው እስክሪብቶዎቿን በጣሳ ይዛ እያንኳኳች መንገዱን በሩጫ ተሻገረች። ሹፌሮቹ ቢሰድቧት «ሰው ከመንገድ ሲመለስ አይታችሁ አታውቁም?» አለቻቸው። ልጆቹም ተሰበሰቡ፣ መምህሩም ቦርሳውን ደበደበ፣ ዘንጉ ወደ እናትሽ ጥግ ሲዞር ትናንት የጮኹት ራሳቸው ጸጥ አሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዘረጋው። በሩን ገፋሁት።

ምንም። ግራሶ ቀብቼዋለሁ እኮ! በገዛ እጄ፣ ያውም ደህና አድርጌ። እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ተከፈተ። ደግሜ ብስበውም ድምጽ የለም። እሱ ዘንጉን አላወረደም። ሁሉም እኔን ያያል።

ምን ይሁን? ኮፍያዬን አወለቅኩና በአፌ «ሲጢጥ» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከነዩኒፎርሜ።

ራሱን ነቀነቀና «ቀጠነ፤ ድገመው» አለኝ።

ደገምኩት። በሩ በሕይወቱ እንደዚያ ጮሆ አያውቅም። መሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ልጆቹ ግቢውን በሳቅ ሞሉት፣ የኃላፊው መስኮትም ተከፈተ። «ነገ ጠዋት ቢሮ እፈልግሃለሁ!» አለኝ። እሄዳለሁ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ የምለውን ግን አውቃለሁ፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ እለዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን መሪውን ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ። አሁን ያንቺ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ እንደማትቀየሚኝ ስለማውቅ ነው።

እንግዲህ ድምጹን ክፈቺው። መሀል መሀል ላይ የምትሰሚው ሳል የእሱ ነው፤ ያመጣሁበት እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ የሚጮኸው በሩ እንዳይመስልሽ፣ አባትሽ ነኝ። የእናትሽ ዝምታ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ አጭር ዝምታ አለ። እሱ ያንቺ የእስክሪብቶ ክዳን ቦታ ነው። አንዲት ልጅ ልትነፋበት ስትል መሪው በዘንጉ ከለከላት። እኔ አላዘዝኩትም። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ ስለ እኔ ብለሽ አትቸኩዪ።

ፈጣሪ የምትገቢበትን በር ሁሉ ያለ ድምጽ ይክፈትልሽ። ይሄኛው በር ግን አንቺ የመጣሽ ዕለት ይጩህ፤ እሱ እምቢ ካለም እኔ አለሁ።

አባትሽ፣ ባለ በሩ