የቬንያሚን ሳቬልየቪች ሕይወትና የፎቶ ቤቷ ጎራዴ

ቬንያሚን ሳቬልየቪች ዙቦቭ ከባቡር ሐዲድ ሠራተኛው ከአባታቸው ከሳቬሊ ዙቦቭና ከእናታቸው ከማትሪዮና ላዛሬቭና፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር በሳራቶቭ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1942 ተወለዱ። ጊዜው ጦርነት ስለነበር ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም፤ ሕፃኑ ግን አራት ኪሎ ከግማሽ መዘኑ። ከየት እንዳመጡት እናታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲገረሙ ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በታሪክ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ነበሩ ተብሎ በዘመድ ዘንድ ይወራል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ታናሽ እኅታቸው ሴራፊማ የውጤት ካርዳቸውን በዓይኗ አይታለች፤ አልነበሩም። ከዚያም በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሠልጥነው ከ1962 እስከ ጡረታቸው ድረስ በአሳንሰር ጥገና ሠርተዋል።

በ1967 የበልግ ወራት አንዲት ወይዘሮ አንድ ባልዲ ኮምጣጣ ጥቅል ጎመን እንደያዙ አሳንሰር በአምስተኛና በስድስተኛ ፎቅ መካከል ቀጥ አለባቸው። ፔላጌያ ፎሚኒችና ይባላሉ። ቬንያሚን ከሁለት ሰዓት ድካም በኋላ ሴትየዋንም ጎመኑንም በሰላም አወጡ፤ ሴትየዋም «ና ግባ፣ ሻይ ጠጣ» ብለው ወደ ቤታቸው አስገቧቸው። ግድግዳው ላይ የሟቹ ባላቸው የዬጎር ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። በ1921 የተነሡት ነው፤ ጫፉ የሾለ የሱፍ ቆብ ደፍተዋል፣ ደረቱ ላይ ሦስት መስመር ያለው ረጅም ካፖርት ለብሰዋል፣ በእጃቸውም ጎራዴ ይዘዋል። ዬጎር ፈረሰኛ እንደነበሩና በዚያች ጎራዴ ያላደረጉት ነገር እንደሌለ በቤቱ ይተረክ ነበር። ቬንያሚን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ፎቶውን ሲያዩ ቆዩ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰው መጡ። ከዚያም በሚቀጥለው፣ ከዚያም በሚቀጥለው።

በአራተኛው እሑድ ፔላጌያ ፎሚኒችና ትዕግሥታቸው አለቀ። «አንተ ልጅ፣ አሳንሰሩ ከተጠገነ ወር ሞላው። ካፓን ፈልገህ ከሆነ ቁርጡን ንገረን፤ ሻዩን ጨረስከው እኮ!» አሏቸው። ካፓ የተባሉት ሴት ልጃቸው ካፒቶሊና ዬጎሮቭና ናቸው፤ እዚያው ቆመው ሳህን ያደርቁ ነበር። ቬንያሚን ዓይናቸውን ከፎቶው ሳይነቅሉ «አዎ» አሉ። ሰኔ 1968 ተጋቡ፤ በ1970 ልጃቸውን ሪማን ወለዱ። ፎቶውም ከሙሽራዋ ጋር ወደ አዲሱ ቤት ተዛወረ።

የፎቶ መሰብሰቡ ነገር የተጀመረው ከዚህ ወዲያ ነው። አሮጌ ሰው ሲሞት ወራሾች ሶፋውን ይወስዱና አልበሙን ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያኖሩታል፤ የአሳንሰር ጠጋኝ ደግሞ የሁሉም ሕንፃ ቁልፍ አለው። ቬንያሚን በዚህ መንገድ ከሶቪየት ሠራዊት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፉ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አሥራ አራት የወታደር ፎቶግራፎች አድነዋል። «እነዚህ ሰዎች በዕድሜያቸው አንዴ ነው ፎቶ የተነሡት፤ እሷንም ትጥሉባቸዋላችሁ?» ብለው በሰው ደጅ ተጣልተዋል። በክፉው ዘመን የታሰረ ዘመዳቸውን ፊት ቤተሰቦች ራሳቸው፣ ከፍርሃት የተነሣ፣ በቀለም ያጠፉበት ወይም በመቀስ የቆረጡበት ፎቶም ነበር። እነዚህንም አልጣሉም። ሦስት ወታደሮችና አንድ ቀዳዳ ባለበት ፎቶ ጀርባ ላይ «ከግራ ሦስተኛው፦ ነበረ» ብለው ጽፈዋል። እኅታቸው ይህን ያነበበች ቀን አልቅሳለች።

ከእሳቸው ጋር መኖር ግን ቀላል አልነበረም። ብርሃን ፎቶ ያደበዝዛል ተብሎ መጋረጃው ለሠላሳ ዓመት ያህል አልተከፈተም። እርጥበት ያበላሻል ተብሎ ሾርባ የሚፈላው መስኮት ተከፍቶ ነው፤ በጥር ወርም ጭምር። የፎቶ እድፍ የሚጸዳው በነጭ ዳቦ ልብ ስለነበር በዚያ ቤት እንግዳ የሚቀርብለት ቅርፊት ብቻ ነበር። በፎቶ ጀርባ በእርሳስ እንጂ በቀለም መጻፍ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ «ቀለም ወደ ፊት ዘልቆ ያበላሻል፤ ስም የሌለው ፎቶ ደግሞ ካርቶን ነው» ይሉ ነበር። ስሕተት ሲያዩም ዝም ማለት አይሆንላቸውም። በአንድ ኤግዚቢሽን ላይ የአንዱ ኮሎኔል የኮሌታ ምልክት የእግረኛ ሳይሆን የመድፈኛ መሆኑን ጮኸው በመናገራቸው በጥበቃ ተሸኝተዋል።

እንዲህ ያለው ሰው በ1988 የደረሰባቸውን ማንም አላወቀም። በከተማችን ከነበረ አንድ ፎቶ ቤት የወጡ አሥራ አንድ የወታደር ፎቶዎችን ጎን ለጎን ደርድረው በማጉያ መነጽር ሲመረምሩ፣ አሥራ አንዱም የያዙት አንዲት ጎራዴ ሆና ተገኘች። ዘርፏ በግማሽ ተበጥሷል፤ አፎቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ስርጉዳት አለች። ፎቶ አንሺው ለመጣ ሁሉ ያስይዛት ኖሯል። ከአሥራ አንዱ አንዱ ወጥ ቤት፣ ሌላው ጸሐፊ ነበር። ቬንያሚን ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። አሥራ ሁለተኛው አማታቸው ነበሩ።

ካፒቶሊና ድንች ሊቆፍሩ ወደ አትክልት ቦታቸው የሄዱ ቀን ፍሬሙን ከፈቱ። ከጀርባው በዬጎር እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ለእናቴ። ልጅሽ ዬጎር፣ የመታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ ጓድ። ቅማል የለብኝም፤ አታስቢ።» ቬንያሚን ፍሬሙን መልሰው ዘጉ፤ ሰቀሉት። አሥራ አንዱን ፎቶ በጫማ ሣጥን አድርገው ከቁም ሣጥን ጀርባ ደበቁ። እኅታቸው የሴት ደብዳቤ ነው ብላ ጠርጥራ ነበር፤ አሁን በሕዝብ ፊት ይቅርታ ትጠይቃለች።

ለሠላሳ አንድ ዓመት፣ የካቲት 23 የሠራዊት ቀን በመጣ ቁጥር፣ ካፒቶሊና ብርጭቆ አንሥተው «ለአባቴ ጎራዴ!» ይላሉ። የተሳሳተ የልብስ ቁልፍ አይተው ማለፍ የማይችሉት ሰው ደግሞ ቀይ ሆነው፣ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ለጎራዴዋ!» ይላሉ። ሚስታቸው በአባታቸው እንዳያፍሩ ብለው የዋጡት ይህን ነበር።

በ2019 መከር ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል በተኙ በሦስተኛው ሳምንት፣ እኅታቸው ባለችበት፣ የሚስታቸውን እጅጌ ይዘው አወጡት።

«ካፓ፣ ያቺ የአባትሽ ጎራዴ… የፎቶ ቤቱ ናት።»

«አውቃለሁ» አሉ ካፒቶሊና፣ ፖም እየላጡ።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«አባቴ ጦርነቱን የጨረሰው የወታደር ሱሪ ሲቀቅል ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው እናቴ የነገረችኝ።»

«ታዲያ አንቺ ሴትዮ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ዘጋሽ?»

«አንተ እኛ ቤት የመጣኸው ለጎራዴዋ ነበራ! ብነግርህ ትሄድብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ቬንያሚን ከተላጠው ፖም አንድ ቁራጭ አነሡ። ከዚያ «ጎራዴዋን እኮ በሁለተኛው እሑድ አይቼ ጨርሼ ነበር፤ አንቺን ቀና ብዬ ማየት አፍሬ ነው» አሉ። ሁለቱም ነርሷ መጥታ እስክትቆጣቸው ድረስ ሳቁ። እኅታቸውም አብራ ተቆጥታለች።

ቬንያሚን ሳቬልየቪች በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2019 ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንድ ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና ይህችን እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። አፈሩ ይቅለላቸው። ብርሃን ያደበዝዛል ብለው ቢከራከሩም እንኳ፣ ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ብርሃን ባለበት ያኑርልን።

በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ የሚታየው የሥራ መታወቂያቸው ፎቶ ነው። የሌላውን ሁሉ ፎቶ ሲያድኑ የራሳቸው የተገኘው ይህ ብቻ ነበር። ካፒቶሊና ዬጎሮቭና ለአታሚ ከመስጠታቸው በፊት ገልብጠው፣ በእርሳስ፣ እንዲህ ጽፈውበታል፦ «ቬንያሚን ዙቦቭ፣ የአሳንሰር ጠጋኝ። ጎራዴ የለውም። የእኔ ነው።»