ወደ ግራ ሲታጠፉ

አዋሳ፣ የካቲት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውዷ ልጄ ብርቅዬ፣

የኪየቭ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ዓሣ በጠበሰች ቁጥር «ይቺ ልጅ እዚያ ምን ትበላ ይሆን?» ማለቷን አልተወችም። እኔም ቆጣ ብዬ «ሐኪም ልትሆን የሄደች ልጅ በረሃብ አትሞትም» እላታለሁ፤ ከዚያ ለራሴም ምግቡ አልወርድ ይለኛል።

ይርጋለም ሳለን ትዝ ይልሻል? አገሩ በግራ መንዳቱን ትቶ ወደ ቀኝ የዞረ ጊዜ አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ግቢያችን ውስጥ በከሰል መስቀለኛ መንገድ ከነቀስቶቹ ስዬ ሳጠና፣ አንቺ የሰርዲን ቆርቆሮሽን እንደ መኪና እየገፋሽ ከእኔ የሰማሽውን ለእኔው መልሰሽ ትጮኺብኝ ነበር። «አባዬ፣ የግራው ቀስት ላይ ከገባህ ወደ ግራ ብቻ ነው! ጥጉን አትያዝ፣ መሃሉን አልፈህ ሰፋ አድርገህ ታጠፍ!» ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። እንዴት ያለ ደግ ጊዜ ነበር!

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤታችን ሾፌሮቹን ሁሉ እንደገና አስፈተነ። እኔ «ማን ማንን ሊፈትን ነው?» እያልኩ እየቀለድኩ ነው የገባሁት። እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው መስቀለኛ ስንደርስ የግራው ቀስት ላይ በደንብ ገባሁ፤ ፍሬቻ አሳየሁ። ከዚያ እጄ፣ እኔ ሳላዘው፣ ድሮ በግራ በምንነዳበት ዘመን እንደለመደው ጥጉን ይዞ ታጠፈ። ቀና ስል በማይሆነው ወገን ገብቼ ፊት ለፊቴ ጋሪ ቆሟል። ባለጋሪው ባዬ ያውቀኛል፤ ፈረሱን ወደ ኋላ እየሳበ «ጋሼ ሸዋንግዛው፣ ምነው?» አለኝ። ሰው አልተጎዳም። እኔ ግን አፈርኩ፣ ልጄ። በጣም አፈርኩ።

መንጃ ፈቃዴን ያዙት። አሁን ጋራዡ ውስጥ የጎማ መጋዘን ጠባቂ ነኝ። ስትመጪ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ነድቼ እቀበልሻለሁ ያልኩሽ ቀረ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነይ፤ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ።

አደራ፣ ይህን ለእናትሽ እንዳትጽፊላት። አልነገርኳትም። ካኪ ኮቴን ለብሼ እንደ ወትሮው እወጣለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በር ላይ «ቁልፍህን ይዘሃል?» ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን አትጠይቀኝም። ኮሌታዬን ታስተካክልልኝና ትሸኘኛለች።

ፈጣሪ በሰላም መልሶ ዓይንሽን ያሳየን።

የሚናፍቅሽ አባትሽ፣
ሸዋንግዛው ደምሴ