አዞ የበላው የቅርጫ በሬ

ሰኞ

አዞ በላው አለ። ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እታለም፣ በሬውን አዞ በላው» አለኝ። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። መጀመሪያ የሳቅኩ ይመስለኛል።

ደረጀ ታናሽ ወንድሜ ነው። ፒያሳ ተወልዶ ፒያሳ ያደገ፣ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። ዘንድሮ የግቢያችንን የፋሲካ ቅርጫ በሬ እሱ ይግዛልን ተባለ። የአዲስ አበባ ገበያ እሳት ነው፣ መተሐራ ወርጄ ከባለቤቱ እጅ ልግዛ ብሎ የተነሳው ራሱ ነው። የቅርጫው ሰብሳቢ ጋሽ ክፍሌ ሲያመነቱ፣ «ለእሱ እኔ አለሁ» ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ምን አቀበጠኝ?

ቅዳሜ ፎቶ ልኮልን ነበር። ቀይ፣ ሻኛው የሚያስፈራ ሰንጋ፤ ገመዱን የያዘው እሱ፣ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። ግቢው በሙሉ ስልኬ ላይ ተረባርቦ አየው። ዛሬ ያ ሰንጋ የለም። የጭነት መኪናው እስኪመጣ አዋሽ ወንዝ ዳር ውሃ ሊያጠጣው ወሰደው፤ አዞ አፍንጫውን ይዞ ጎትቶ አሰመጠው። ይኸው ነው ወሬው። ከዚያ በላይ ቃል አይወጣውም። ሕማማት ስለሆነ አልተሳሳምንም፣ አልተጨባበጥንም። ሁለት እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ መሬት መሬት ያያል። ይሄ ልጅ መሬት የሚያየው ሲዋሽ ነው ወይስ ሲደነግጥ? አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ግን አላውቅም።

ማክሰኞ

ግቢው ሁሉ የአዞ ሊቅ ሆኗል።

ከሥራ ስገባ ጋሽ ክፍሌ በረንዳ ላይ ሰው ሰብስበዋል። መሐል የቆመው ቢንያም ነው፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ስልክ የሚሸጠው፣ ከደረጀ ጋር አብሮ አደግ፣ በሰው ላይ ሙድ ካልያዘ ምግብ የማይወርድለት። ጎሽ አዞን በቀንዱ እያነሳ ሲያፈርጠው የሚያሳይ ቪዲዮ ከፍቶ ለሁሉም እየዞረ ያሳያል። «አያችሁ? ይሄ ነው በሬያችንን የበላው? ኧረ ይሄ ምስኪን ራሱ ዕርዳታ ይፈልጋል!» ሳቅ በሳቅ። አንዷ አዞ የሚበላው ዓሣ ነው ትላለች። ሌላው ዘንዶ ቢል እንኳ ይሻል ነበር ይላል። ደረጀ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ግድግዳ ተደግፏል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸር፣ ባዮሎጂው ምን ይላል?»

ይችላል አልኩ። አስረዳሁ። አዞ በመንከስ አይገድልም፣ ጉልበቱ ውሃው ነው። ሊጠጣ ያጎነበሰውን አፍንጫውን ይይዘዋል፣ ይጎትተዋል፣ ያሰምጠዋል። ደረቅ መሬት ላይ ቢሆን ሰንጋው ይረግጠዋል፤ ውሃ ከገባ ግን ቀንድ ምን ያደርግለታል? ትልቅ አዞ ከሆነ በሬም ጎሽም ይጥላል። ዝሆንና ያደገ ጉማሬ ግን አይደፍርም። ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ አሳምሬ አስተምሬ አላውቅም።

«ለወንድሟ ነው» አለ ቢንያም።

ጋሽ ክፍሌ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ይችላል ወይ ብለን አልጠየቅንሽም» አሉኝ። «በላ ወይ ነው ያልነው።»

በላ ከማለቴ በፊት ዞሬ ደረጀን አየሁት። እሱም መጠራጠሬን አየ።

ረቡዕ

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ሰውዬው ልክ ናቸው። አዞ ሰንጋ እንደሚገድል አውቃለሁ። ወንድሜ እንደማይዋሽ ግን አላውቅም። የማያቸው መጻሕፍት ሁሉ ስለ አዞ ነው የሚነግሩኝ።

ወሬው አምስት ኪሎ፣ ትምህርት ቤት ድረስ ቀድሞኝ ደርሷል። ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ እጁን አወጣ፤ «ቲቸር፣ ዳይኖሰርስ ዝሆን ይገድል ነበር?» ክፍሉ ተንጫጫ። አልተገናኙም አልኩት። ትልልቆቹ ዳይኖሰሮች በነበሩ ጊዜ አጥቢ እንስሳት አብዛኞቹ አይጥ የሚያካክሉ ነበሩ፤ ዝሆን የመጣው እነሱ ካለቁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «ስለዚህ አይታወቅም ማለት ነው?» አለ። ተናደድኩበት። ልጁ ምን አጠፋ።

ደረጀን ከጠዋት ጀምሮ አላየሁትም። ሞተሩም ከቦታው የለም።

ሐሙስ

ሌላ በሬ ይዞ መጣ። ማንም አምጣ ሳይለው። ከሸጎሌ ገበያ፣ በአይሱዙ። ጥቁር፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ከፎቶው ሰንጋ ጋር ሲያዩት ልጁ የሚመስል። ግንዱ ላይ ያሰረው ሹፌሩ ነው፤ ደረጀ ከጎን ቆሞ በአገጩ ነው የሚያዘው። በመጠራጠሬ ትንሽ አፍሬ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሥራ ጠላ ብዬ ተበሳጨሁ።

አሁን ዝም ይላሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰ! ቢንያም በሬውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «በቃ ገባኝ» አለ። «የሰንጋ ብር ተቀበለ፣ ይሄን ጥጃ ገዛ። ልዩነቱን አዞ በላው!» ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ፎቶው እንኳ ገበያ ውስጥ የሰው በሬ ይዞ የተነሳው ነው ተባለ። ስሙም ወጣለት፤ አዞ። የጉልባን ሳህን ይዞ የሚያልፈው ሁሉ «አዞ፣ ስቅለትን ትጾማለህ?» ይለዋል።

«ሞተርህስ?» አልኩት ለብቻው።

«ጋራዥ ነው» አለ። እሱንም መሬት እያየ።

ደሜ ፈላ። በሱ ይሁን በነሱ አላውቅም። ሰፈሩ ፈርሶ ግማሹ ሰው ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ እኮ ይሄ ቅርጫ ብቻ ነው የሚያገናኘን። በወንድሜ ምክንያት እሱም ቢፈርስ በየት በኩል ነው ቀና ብዬ የምሄደው?

ዓርብ

ስቅለት። ጊዮርጊስ ጢም ብሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ቦታ አግኝቼ እየሰገድኩ፣ ወንዶቹ በቆሙበት በኩል ደረጀን አየሁት። ሰው ሁሉ መዳፉን መሬት አድርጎ ይሰግዳል፤ እሱ በጨበጠ እጁ ነው። ወድቆ በተነሳ ቁጥር ፊቱ ይኮማተራል።

ስግደቱ አልቆ ሰው ሲወጣ በር ላይ ጠበቅኩት። «እጅህን አሳየኝ» አልኩት። «ተይኝ» አለ። «ደረጀ፣ እጅህን!» ሰው ዞሮ አየን። አወጣው።

መዳፍ የለውም ብል ይቀላል። ገመዱ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ቆዳውን ገፎት ሄዷል፤ ሁለቱንም እጁን። የቀኝ አንጓው ዙሪያውን ጠቁሯል። አብጧል፣ መግል ይዟል። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ስለ አዞ መንጋጋ ሳስተምር ይሄ እዚህ ኪስ ውስጥ ነበር። እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ እየጎተትኩ። አጠቡለት፣ በፋሻ ጠቀለሉት፣ መርፌ ወጉት። ቤት ስንገባ ቄጤማችንን ጭንቅላታችን ላይ እንዳሰርን ተቀመጥን። ተናገረ።

ወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ነበሩ። ወደ ወንዙ ሲወርድ አይተው ጮኹበት። በኦሮምኛ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። እዚያ አይደለም፣ እዚህ ወደ ገንዳው ና እያሉ በእጃቸው ይጠሩታል። የኔ ወንድም ምን አሰበ? «ለውሃ ሊያስከፍሉኝ ነው አልኩ፤ እኔን? እኔን ሊሸውዱኝ?» አለ። ሳቀባቸው። አውራ ጣቱን አሳይቷቸው ወረደ። ገመዱንም በሬው እንዳያመልጠው አንጓው ላይ ጠምጥሞታል።

ጭቃው ተነሳ አለኝ። ጭቃ ነበር የመሰለው። በሬው አልጮኸም፣ አፍንጫው ተይዟላ። እሱንም ይዞት ሄደ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ። ከሚጮኹት አንዱ፣ ሽማግሌ፣ ሮጠው ደርሰው ገመዱን በጩቤ ቆረጡለት።

«ታዲያ ይሄን ለምን አትናገርም? እጅህን አታሳይም? ሞተርህን ሸጠህ በሬ ተክተህ ሌባ ትባላለህ?» ሞተሩን መሸጡን ገምቼ ነው። አልካደም።

«ምን ብዬ ልናገር?» አለ። «ባላገሩ ተው ሲለው አልሰማም ብሎ፣ በገመድ ታስሮ አዞ አፍ ገባ ልበል? የፒያሳ ልጅ? ቢንያም ፊት? ዕድሜ ልኬን ፋራ ስባል ልኑር? ሌባ ይበሉኝ እታለም። ሌባ ይሻላል።»

ቀልዱን መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። እንዳልናገር ቃል አስገባኝ። እኔም ሞኟ ገባሁ።

እሑድ፣ ፋሲካ

በሬው ታረደ። ጎህ ሲቀድ መደቡ ተደርድሮ አለቀ፤ ጋሽ ክፍሌ እንደ ልማዳቸው ይሄ ይበልጣል ያ ያንሳል እያሉ እያካፈሉ። ከዚያ ዕጣ። ሁሉም ምልክቱን ሰጠ፤ ቁልፍ፣ አዝራር፣ ጠጠር፣ የኔ የጸጉር መያዣ። የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል፣ ምልክትህ ያረፈበት ድርሻህ ነው። ቢንያም ለደረጀ ብሎ ከኪሱ አረንጓዴ የላስቲክ አዞ አወጣ። የልጁ መጫወቻ። አዞው ሄዶ ጥሩው መደብ ላይ ዐረፈ፣ ሽንጡ ያለበት።

ግቢው በሳቅ ተንከባለለ። ደረጀም ሳቀ። ከሁሉም በላይ እሱ ሳቀ! ፋሻው እንዳይታይ የጃኬቱን እጅጌ ስቦ፣ አዞውን በጣቱ ጫፍ አነሳ። ሰው ሁሉ እጁ ደም ስለሆነ እንኳን አደረሰህ የሚለው አንጓውን እየዘረጋ ነው፤ ማንም ምንም አላየም። ቢንያም ዐቀፈው። «ይሄ ነው እንጂ አራዳ! በሬ የሚያክል ነገር ሸውዶ አዞ ላይ የሚለጥፍ!» ጋሽ ክፍሌ እንኳ ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈገግ አሉ፤ «አንተ ልጅ፣ ለከርሞ አዞ የሌለበት አገር ነው የምንልክህ።»

ይቅር ብለውታል። ይቅር ማለት ብቻ አይደለም፣ ወደውታል። ሌባ ነው ብለው ወደዱት። እውነቱን ብናገር ይስቁበታል፣ ይንቁታል፣ እሱም እኔን አይምረኝም። አፌን ከፍቼ ነበር። ደረጀ አየኝ። ቢላዬን መጥረግ ጀመርኩ።

ድርሻውን ተሸክሜ አስገባሁለት፣ እሱ መሸከም አይችልም። ሠራሁት፣ ጎረቤት ገባ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ስለ አዞ አወራ። እኔ አልወረደልኝም። ታማኝ ወንድም አለኝ፣ ለማንም የማልነግረው።

አሁን ሳህን እያጠብኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሁሉም ስለ በሬው ጠየቀው። አዞው ስንት ኪሎ ነው፣ ገመዱስ፣ ብሩስ። ከአዞ ፊት ለተመለሰ ሰው እንኳን ተረፍክ ያለው የለም። መለስ ብዬ አሰብኩት፣ እኔም አላልኩትም።

ጓዳ ተኝቷል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ነገ ጠዋት ፋሻውን ስቀይርለት እለዋለሁ።