መሬት የነካው ሰንደቅ፦ የአቶ ኮቢና ኤሲልፊ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኮቢና ኤሲልፊ ከአባታቸው ከአቶ ክዌሲ ኤሲልፊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤኩዋ መንሳ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ጀልባ ወደ ባሕር በማይወጣበት በማክሰኞ ቀን፣ በጋና ባሕር ዳርቻ በኤጉዋሴ ተወለዱ። በከተማው ትምህርት ቤት መካከለኛ ደረጃን ካጠናቀቁ በኋላ የጀልባ ጥገና ተምረው በዚሁ ሙያ ኖረዋል።

አባታቸው የሞቱት ሳያረጁ፣ እግራቸው እየተጠላለፈ፣ አንደበታቸው እየተሳሰረ ነበር። ከተማው መጠጥ ነው አለ፤ ልጃቸውም አመኑ። አቶ ኮቢና በዚያ እፍረት ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን የዘንባባ ጠጅ ወደ አፋቸው አላስጠጉም።

በ1984 ወይዘሮ አባ ኩዋንሳን አግብተው ኤቦንና ኤፉዋን ወለዱ። በተጋቡበት ዓመት፣ አባታቸው በነበሩበት፣ አሳፎ በሚባለው የከተማው የጥንት ተዋጊዎች ማኅበር፣ ሰንደቅ ይዘው የሚጨፍሩ ሆኑ። ሰንደቁን በእግራቸው ሥር አሳልፈው በራሳቸው ላይ ሲያዞሩት ጫፉ እንኳ አፈር አይነካም ነበር።

በ2009 የከተማው መንገድ በሚጠረግበት በአክዋምቦ በዓል ግን ተደናቅፈው ወደቁ፤ ሰንደቁም ከሳቸው ጋር። የማኅበሩ አለቃ በሕዝብ ፊት «እንደ አባትህ ጠጥተህ አዋረድከን» አሏቸው። እንዳልጠጡ ሊናገሩ ሲሞክሩ አንደበታቸው ተሳሰረ፤ ሰዉም ይብስ ሳቀ። ሰንደቁ የሚነጻበትን በግ ከፈሉ፤ ዳግመኛም እንዳይነኩት ተፈረደባቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ እየተንገዳገዱ ሲሄዱ ዓሣ አጥማጆቹ «ወንድም ኮቢና፣ ማዕበሉ እዚህ ድረስ ወጣ እንዴ?» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። ብዙዎቻችሁ እዚህ አላችሁ።

በ2016 አክራ ሐኪም ቤት የአንጎላቸው ምስል ተነሣ። ከኋላ ያለውን ትንሹን አንጎል ከቀረው አንጎል ጋር የሚያያይዙት የነርቭ ክሮች ሳስተው ነበር። ሐኪሟ የእግርም የምላስም እንቅስቃሴ የሚስተካከለው በነዚያ ክሮች በኩል እንደሆነ፣ በሽታውም ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አስረዱ። አቶ ኮቢና «አባቴን እኔም ሰካራም ብያቸው ነበር» አሉ። በማግስቱ ተደግፈው ወደ አባታቸው መቃብር ሄዱ።

ቤተሰቡ ይህንኑ ለማኅበሩ ሲያስረዳ፣ በጉ ከተበላ ቆይቷል፣ የተፈረደ አይመለስም የሚል መልስ ተሰጠው።

በመጨረሻ መዋጥ ተስኗቸው፣ ምግብ ወደ ሳንባቸው እየገባ ታመሙ፤ ማርች 14 ቀን 2023 አረፉ። ትናንት ማኅበሩ ሬሳ ሣጥናቸው እንዲለብሰው ሰንደቁን ላከ። ወይዘሮ አባ ግን ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ እንደነገሯቸው አጥፈው መልሰውታል። ሣጥኑን የሸፈነው የአቶ ኮቢና የራሳቸው ኩታ ነው።

ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ኤፉዋ ዛሬ ከሣጥኑ ኋላ ስትሄድ እግሯ ሲጠላለፍ ታያላችሁ። ምን ጠጣች እንዳትሉ።

እግዚአብሔር የአቶ ኮቢናን ነፍስ፣ ያለጥፋታቸው ከታሙት ከአባታቸው ነፍስ ጋር በአንድነት ያሳርፍ።