የየኔታ ጾምና የእኔ ሙግት

ሰኞ፣ መጋቢት 5

ዛሬም እምቢ አሉ። ሐኪሙ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ፣ «ሳንባ ምቹ ለቅቆዎታል፤ ሰውነትዎ ግን አልቋል። ወተትና እንቁላል ካልወሰዱ ሌላ በሽታ ቢመጣ አይችሉትም» አላቸው። አባቴ በትሕትና ሰሙት፤ መረቁት፤ ከዚያ «ከፋሲካ በኋላ፣ እሱ ሲፈቅድ» አሉት። ፋሲካ ገና ወር ይቀረዋል።

ከኮላ ድባ ወደዚህ ከተማ፣ ወደ እኔ ቤት፣ በጭነት ማኪና አምጥቼ ሳወርዳቸው እንደ ሕፃን ቀለሉኝ። አባቴ ናቸው፤ ቅኔ ያስተማሩኝም እሳቸው ስለሆኑ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራቸው «የኔታ» እያልሁ ነው። የኔታን ደግሞ ማን ያስገድዳቸዋል?

እራት ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ የክርክር ክበብ ነገርኋቸው። ሐሙስ ተማሪዎቼ የጥንት ግሪኮችን ሙግት ይሟገታሉ። የሰው ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው በጎ ነገር ምንድን ነው? አንዱ ወገን ደስታ ነው ይላል። ሌላው ምግባር ብቻውን ይበቃል፣ ደግ ሰው እየተሠቃየም ብፁዕ ነው ባይ ነው። ሦስተኛው ምግባር ይቅደም፣ ግን ጤናም ወዳጅም ጥቂት ሀብትም ያስፈልጋል ይላል።

የኔታ ዓይናቸው በራ። «ያ ደስታ ነው ያለው ሰውዬ ምን ይበላ ነበር?»

ዳቦና ውሃ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ አይብ፤ ለሱ ደስታ ማለት ከሕመምና ከጭንቀት መዳን ነው አልኋቸው።

«እንዲህ ከሆነማ ጾመኛ ነዋ! አይቡን ብቻ ይተው።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠባቸው።

ማክሰኞ

በሙግት ልረታቸው ሞከርሁ። ሦስተኛውን ወገን ይዤ ገባሁ። ጤና ከሌለ ምግባሩ በምን ይሠራል? ተማሪዎችዎ ኮላ ድባ እየጠበቁዎት ነው፤ እርስዎ ቢሞቱ ማን ያስተምራቸዋል?

«ሸጋ ተናግረሃል» አሉ። «ግን እኔ መቼ ሞትሁ?»

ከቅኔ መምህር ጋር ሙግት መግጠም ራስን ማድከም ነው። ተረታሁ። ፈራሁም። እናቴን በልጅነቴ ቀብሬያለሁ፤ እሳቸው ከሄዱ የኔ የምለው ሰው የለኝም። ደግሞ እዚህ ላይ አልዋሽም፦ እኔ ራሴ ፒያሳ ቡና በወተት እየጠጣሁ ነው የጾሙን ወር የምገፋው። የኔታ አያውቁም።

ረቡዕ

አደረግሁት። ከአከራዬ ከወይዘሮ ጥሩነሽ ወተት ወስጄ የአጃውን አጥሚት በሱ ሠራሁት። አጃው ራሱ ነጣ ያለ ነው፣ አያስታውቅም። የየኔታ ምላስ ደግሞ ከበሽታው ወዲህ ጣዕም አይለይም። በዘጠኝ ሰዓት እንደ ልማዳቸው ጸልየው፣ ጥርግ አድርገው ጠጡት። «ዛሬስ ሆዴን ያዝ አደረገልኝ» አሉ።

ጣሳውን ቶሎ ብዬ አጠብሁት። ደስም አለኝ። ለሳቸው ስል ነው። ሕመም እንዲርቅላቸው ነው። ያ ዳቦና ውሃ የሚበላው ፈላስፋ ቢኖር ይፈርድልኝ ነበር።

ሐሙስ

ዛሬም ሰጠኋቸው። ወተቱ ይሁን አየሩ እንጃ፣ በራሳቸው እግር ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ።

ክርክሩ ደመቀ። የደስታ ወገን በድምፅ ብልጫ አሸነፈ። አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ ርእሰ መምህሩ ኮስተር ብለው፣ «ምነው፣ በጾም እንዲህ ያለ ውጤት?» አሉኝ። ለየኔታ ስነግራቸው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። ልክ ነበርሁ ብዬ አሰብሁ።

ዓርብ

ታወቀ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሊጠይቋቸው ገብተው፣ በቅንነት፣ «የኔታ፣ ወተቱ ተስማማዎት?» አሉ።

የኔታ እኔን አዩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሴትየዋ ደነገጡ። «ምነው፣ የንስሐ አባትዎ ፈቅደውልዎ መስሎኝ እኮ ነው!»

ሁለታችን ስንቀር አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድሁ።

«ምነው ብትጠይቀኝ?»

«እምቢ ይላሉ ብዬ ነው።»

«እምቢ ማለቱ እኮ የኔ ነበር፣ ልጄ። እሺ ማለቱም የኔ።»

እነዚያ ግሪኮች በብዙ ነገር ይጣላሉ፤ ሰው በጎውን አውቆና መርጦ መያዝ አለበት በሚለው ላይ ግን ብዙም አይለያዩም። ይህን በሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ የጻፍሁት እኔው ነኝ። አፈርሁ። በጣም አፈርሁ።

ቅዳሜ

ማልጄ በጭነት ማኪና ኮላ ድባ ወረድሁና የንስሐ አባታቸውን፣ ቄስ አድማሱን፣ ይዤ ተመለስሁ። ቄሱ ሐኪሙ ያለውን ሰሙ። «በሽተኛን ጾም አያስገድደውም። ወተቱን ይጠጡ፣ አዝዣለሁ» አሉ። የኔታ መስቀሉን ተሳለሙና «እሺ፣ አባቴ» አሉ። በቃ። ሙግት የለ፣ ክርክር የለ።

ሕጉን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ግን ራሳቸውን በራሳቸው መፍታት አይሆንላቸውም፤ ቃሉ ከሌላ አፍ መምጣት ነበረበት። ቄስ አድማሱ ሲወጡ በሩ ላይ፣ «ሐኪሙ የተናገረ ዕለት ብትመጣ ምን ነበረ?» አሉኝ። አላሰብሁትም አልኋቸው። እውነቴን ነው። ያን ሁሉ መጽሐፍ አገላብጬ እሱ አልመጣልኝም። የፒያሳውንም ተናዘዝሁ። ስግደት አዘዙብኝ።

እሑድ

የኔታ ወተታቸውን ከወይዘሮ ጥሩነሽ እጅ ጠጡ። ፊታቸው ደም መስሏል። ከእኔም ጋር አወሩ፣ ቀለዱ። ይቅር ብዬሃለሁ ብለውኛል፤ የኔታ ደግሞ ያላመኑበትን አይናገሩም።

አመሻሹ ላይ ውሃ ጠማቸው። በጣሳ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ወደ አፋቸው አስጠግተው ቆም አሉ። ወደ ውስጡ አዩ። መልሰው ዘረጉልኝ።

«ቅመሰው» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ማፈር እየቃጣቸው።

አሳላፊ ለእንግዳ እንደሚያደርገው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። ከዚያ ተቀብለው ጠጡ።

ውሃ ነበር።