የጋሽ ይመር ሦስት እንክብል

ሰኞ፣ ሐምሌ 23

ዛሬም ለጋሽ ይመር መድኃኒታቸውን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። አይፈቀድም። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ እንክብሉን የሚውጠው ዓይናችን እያየ ነው፤ ደሴ ሦስት ዓመት ነርስነትና የሕብረተሰብ ጤና ስማር ስንቴ ተነግሮኛል። ግን ረመዳን ነው። የቁርዓን አስተማሪ ልጅ ሆኜ ለጾመኛ ሽማግሌ በቀን ውሃ አቅርቤ «ይዋጡ» ማለት አቃተኝ። ታማሚ መጾም እንደማይገደድ ነግሬያቸዋለሁ። «እሱስ ልክ ነሽ ልጄ፣ እኔ ግን ገና አቅም አለኝ። አብሽሪ፣ አማና ነው። ሳፈጥር ነው የምወስዳት፤ አንዲት ፍሬ መሬት አትወድቅም» አሉ። የመድኃኒት መከታተያ ካርዳቸው ላይ «ፊቴ ወስደዋል» የሚለውን ምልክት አደረግሁ። አሥር ቀን ሆነኝ እንዲህ ስዋሽ።

ለልምምድ የተመደብኩባት የመካነ ሰላም ጭቃ ጫማዬን ጨረሰው። የቀረኝ ሥራ፦ የመጸዳጃ ቤት ቆጠራ፣ የክትባት ሠንጠረዥ፣ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 24

ጋሽ ይመርን መዘንኳቸው። ቀንሰዋል። ሳሉም ተመልሶባቸዋል። ከጾሙ ነው አልኩ ለራሴ። ለሲስተር ብርቱካን አልነገርኳትም። የክፍሉ ኃላፊ እሷ ናት፣ የልምምድ ውጤቴን የምትሞላውም እሷ። እውነቱን ልጻፍ፣ ፈርቼ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር፦ ሦስት ጊዜ በር የዘጉብኝ እናት ዛሬ ራሳቸው መጥተው ልጃቸውን አስከተቡ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 25

ጋሽ ይመር እየሳቁ መጡ። መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያቀላ መጀመሪያ ቀን ነግሬያቸው ነበር፣ እንዳይደነግጡ ብዬ። «የሉባባም ቀላ! አልሐምዱሊላህ፣ መድኃኒቱ አገኛት» አሉኝ።

እትዬ ሉባባ ባለቤታቸው ናቸው። ለካ እሳቸውም ይስላሉ። ረመዳን ከገባ ጀምሮ ከሦስቱ እንክብል ሁለቱን ጋሽ ይመር፣ አንዱን እትዬ ሉባባ ይወስዳሉ። ከአንድ ገበታ እየበሉ መድኃኒቱን ለብቻ መዋጥ ነውር ሆኖባቸው ነው። «ለምን አያመጧቸውም?» አልኳቸው። «ልጃችን ታጭታለች። የነቀርሳ ቤት ከተባለ ማን ያገባታል?»

ልቆጣ ፈልጌ አልቻልኩም። እንዲህ ተከፋፍሎ ለሁለቱም እንደማይበቃ፣ በሽታው መድኃኒቱን ከለመደው ሌላ መድኃኒት እዚህ እንደሌለ ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ገደልኳት?» አሉ። ጠቅልዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ለሲስተር ሁሉንም ነገርኳት፣ የካርዱን ውሸት ጭምር። «ልምምዱን ትደግሚያለሽ። አሁን ግን ሴትየዋን እናድን» አለች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 26

ከሲስተር ጋር በእግር ሁለት ሰዓት ሽቅብ ወጣን። እትዬ ሉባባ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። የያዙት ጨርቅ ላይ ደም አለ። አክታ ሰጡን፣ ጤና ጣቢያ ግን አልሄድም አሉ። «ሰርጉ ይለፍና።» ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ሰርጉ ይቅርብኝ፣ እማ» አለች። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ሲስተር አላጽናናችኝም። ደግ አደረገች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 27

የእትዬ አክታ ነቀርሳ አለበት። የጋሽ ይመርም አክታ ገና ከነቀርሳው አልጠራም።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ሰዎች እትዬ ሉባባን በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ቅሬው የተሸከመውን በሽተኛ አገር ሁሉ ያውቀዋል። የጠሯቸው ጋሽ ይመር ራሳቸው ናቸው። የልጅቷ ነገር ምን እንደሚሆን ማንም አላነሳም።

እንክብሎቹንና ውሃውን ይዤ ቀረብኩ። እትዬ በዚያ አቅማቸው ጾመዋል። እንክብሎቹን አዩዋቸው፣ ከዚያ እኔን። «ከእሱ ላይ ቀንሰሽ ከሆነ አልወስድም» አሉ።

«የራስዎ ነው፣ ወላሂ» አልኩ። አላመኑኝም። የጋሽ ይመርን ሦስት እንክብል አምጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ አሳየኋቸው። ያኔ ዋጡ። ጋሽ ይመርም ዋጡ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ እያየሁ።

መድኃኒቱ ይሥራላቸው አይሥራላቸው የሚለየው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ልምምዱን እዚሁ ስለምደግም ውጤታቸውን የማነበው እኔው ነኝ። እሱን ነው የምፈራው።